ላልዳነ እጅ ጡረታ

ባሕር ማዶ፣ በምኖርበት አካባቢ አስተዳደር፣ በካውንቲው፣ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሁለቱም እጆቼ መገጣጠሚያ በሚያሳብጥ ሪህ ከተያዙ ቆይተዋል። በሕመም ምክንያት የሚሰጠውን ጡረታ ልጠይቅ ወይስ ልተወው እያልኩ የዝናቡ ወራት አለፈ።

ነገሩ የማይሸሸግ የሆነው ዋይት ሴንተር ፌርማታ ላይ ነው። በዊልቸር የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ተሳፈሩ። ዊልቸሩን ከወለሉ ጋር በቀበቶ ማሰር የሹፌሩ ሥራ ነው። ተንበርክኬ መቆለፊያውን ብጫነው ብጫነው ጣቶቼ ጉልበት አጡ። ሌላው ተሳፋሪ ይጠብቃል። ሽማግሌው ጎንበስ አሉና እጃቸውን በእጄ ላይ አድርገው እሳቸው ቆለፉት። እኔ ላስራቸው የሚገባኝ ሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እዚሁ ከተማ ውስጥ እስካለው ሶዶ ሰፈር ስነዳ፣ መሪውን ማጠፍ ቢያቅተኝስ ከሚል ሐሳብ መውጣት አልቻልኩም።

አለቃዬ ጥሩ ሴት ናት። ሐኪሜ ሥራውን መሥራት እንደማልችል ከጻፈልኝ ሌላው ቀላል እንደሆነ ነገረችኝ። ልጄ ከምትኖርበት ከማውንትሌክ ቴራስ መጥታ የሕክምና ማኅደሬን በስልኬ ከፍታ አነበበች። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ፣

«ማሚ፣ በሄድሽ ቁጥር ደህና ነኝ ነው ያልሽው። ሶ፣ ሰውዬው ከየት አምጥቶ ይጻፍ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ሕመምን በአፍ ማውጣት እንደ መቀበል ይቆጠራል። ፓስተሩ እጃቸውን ጭነው የጸለዩልኝ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ሁለቱን እጆቼን ወደ ላይ አንሥቼ፣ ተፈውሻለሁ ብዬ መስክሬአለሁ። ውሸት አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት ሕመሙ አልተሰማኝም። ሲመለስ ግን የነገርኩት ሰው የለም። ባሌ ብቻ ያውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ምንም ሳይጠይቅ የዩኒፎርሜን ቁልፎች ይቆልፍልኝ ነበር። አሁን ሸሚዙን ቁልፎቹን ሳልፈታ በራሴ በኩል አጠልቀዋለሁ።

ከዚያ እሱ ታመመ። ጉበቱን ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን አልጋውን ከብቦ ድነሃል ሲለው እሱም አሜን ይላል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እንዲሁ አሜን ስንል ከረምን። ስለ መለየት አንድ ቃል ሳንነጋገር ሄደ። የት እንድቀብረው እንደሚፈልግ እንኳ አላወቅሁም፤ ልጄና እኔ ገምተን ቀበርነው።

የጡረታውን ነገር የጸሎት ቡድኑን መሪ ኮል አድርጌ ነገርኳቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ ነው የምላቸው።

«የኔ ልጅ፣ ይህን ከፈረምሽ በሽታውን ተቀበልሽ ማለት ነው» አሉኝ። «የመሰከርሽውስ?»

«እትዬ፣ ባሌስ ምኑን ተቀብሎ ነበር?»

እሳቸው በስልኩ መጸለይ ጀመሩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። አሜን የሚባልበት ቦታ ሲደርሱ ጠበቁኝ፤ አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ለዚህ ግን በስልክ አስተርጓሚ እንዲያገናኙኝ ጠየቅሁ። ቁልፍ መቆለፍ፣ ቀበቶ ማሰር፣ መሪውን አጥብቄ መያዝ እንደማልችል ተናገርኩ። አስተርጓሚው ለስላሳ ድምፅ ያለው ያገራችን ሰው ነው፤ አንድ በአንድ ተረጎመ። ሐኪሙ ወደፊት ይሻለኛል ብዬ አስብ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አልድንም» አልኩ።

አስተርጓሚው አልተረጎመም። ቀስ ብሎ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ እንዲህ አይበሉ እንጂ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አለኝ።

«ያውቃል። እርስዎ ያልኩትን ይንገሩልኝ።»

ነገረልኝ። ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ጻፈ። ይህን ከተናገርኩ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ምንም አልቀለለኝም። ሥራው ሲቀር ጠዋት ከቤት የሚያስወጣኝ ነገር አይኖርም፤ እሑድም እነዚህን እጆች ይዤ የት እንደምቀመጥ አላውቅም። የሐኪሙ ወረቀት በዚህ ሳምንት ይደርሳል ብለውኛል። ሲደርስ የጡረታውን ማመልከቻ እፈርማለሁ።