አጥር ላይ የተሰቀለው ጣሳ

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በጥቅምት ወር፣ በአንድ እሑድ ነው። ዛሬም የጠላ ጣሳ ባየሁ ቁጥር ልቤ ዘለል ይላል። በፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ በደስታ ነው። ልጆቼ «ደሞ ጀመረች» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ እዚያ አልነበሩም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቤታችን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ነበር። እሷ ድስት፣ እንስራ፣ ጋን ትሠራለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ አፈሩን እወቅጣለሁ፣ አቦካለሁ። በበዓልና በእሑድ ደግሞ ተሸክሜ አብሬያት ወደ ከተማ እወርዳለሁ።

በዚያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ መሆን ምን እንደነበር ለማያውቅ ልንገረው። ሰው «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል» እያለ ይፈራናል። ቤቱ አያስገባንም፣ አብሮን አይበላም፣ ልጁን አይድርልንም። አንዱን ሆዱን ከቆረጠው ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አይቶህ ነበር?» ነው። ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ እኛው ደጅ ይመጣል።

የካ ውስጥ የባላምባራስና የወይዘሮ በለጡ ቤት የዘወትር ደንበኛችን ነበር። ወይዘሮ በለጡ ክፉ ሰው አልነበሩም። በሄድን ቁጥር «መቼም ጠምቷችኋል» ብለው ጠላ ያስቀዱልናል። ግን ለኛ የተለየ ጣሳ ነበር፤ አጥሩ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ሠራተኛቸው ጥሩነሽ ማንቆርቆሪያው ጣሳውን እንዳይነካ ከፍ አድርጋ ታፈስልናለች። ጠጥተን እዚያው መልሰን እንሰቅለዋለን። ጠላው የተጠመቀበትን ጋን እኮ የሠራችው እናቴ ናት! እጇ የዳበሰው ጋን ንጹሕ፣ ከንፈሯ የነካው ጣሳ ርኩስ። ይህ ሁልጊዜ ያበግነኝ ነበር፤ ግን ለማን ይነገራል?

ያን እሑድ የባላምባራስ የልጅ ልጅ ክርስትና ነበር። የታዘዝነውን ድስት ይዘን ስንደርስ ዳሱ በሰው ጢም ብሏል። እኛ እንደ ልማዳችን አጥሩ ሥር ቆምን።

የባላምባራስን የጓሮ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አንድ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ተማሪ ነበር፤ ጆሴፍ ይባላል። ነጮቹ አገሩ ላይ የሚያደርጉትን ሸሽቶ ነው የመጣው። ባላምባራስ በሱ ይኮሩ ስለነበር ለእንግዶቻቸው ሊያስተዋውቁት ብድግ አሉ። የሚያስተረጉምላቸው ልጃቸው ግን ቄሶቹን ሊሸኝ ወጥቷል።

«እንግሊዝኛ የሚያውቅ የለም?» አሉ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «እኔ አውቃለሁ!» አልኩ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የህንዱ አስተማሪያችን በእንግሊዝኛ ካልሆነ አያናግረንም። እናቴ ነጠላዬን ጎተተችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባላምባራስ ትንሽ አመነቱና «እሺ፣ እዚያው ሆነሽ ተናገሪ» አሉኝ።

ጆሴፍ ይናገራል፣ እኔ ከአጥሩ ሥር ጮክ ብዬ እተረጉማለሁ። በአገሩ ጥቁርና ነጭ በአንድ በር አይገባም፣ አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ በነጭ ቤት ምግብ ስታበስል ኖራለች፤ የምትጠጣበት ኩባያ ግን ለብቻው ጓሮ ነው የሚቀመጠው። እዚህ ላይ ስደርስ ዓይኔ ወደ ተሰቀለው ጣሳ ሄደ። ዳሱ ውስጥ «ኧረ! ኧረ!» ተባለ። የወይዘሮ በለጡ እንባ መጣ።

ባላምባራስ በቁጣ ጭራቸውን ነሰነሱ። «እሷ ያበሰለችውን እየበሉ በኩባያችን አትጠጣም ይላሉ? እንዲህ ያለ ነውር እኛ አገር የለም! ንገሪው!»

ነገርኩት። ጆሴፍ ግን እኔን እኔን ያያል። «አንቺ ለምንድነው የማትገቢው?» አለኝ።

እዚያ ግቢ ውስጥ እኔ በእንግሊዝኛ የምለውን የሚሰማ ከሱ ሌላ ማንም የለም! ይህ ሲገባኝ ሰውነቴን ሙሉ ነዘረኝ። ሸክላ ሠሪዎች መሆናችንን፣ እንደሚፈሩን፣ ያ የተሰቀለው ጣሳ የኛ መሆኑን አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩለት። ባላምባራስ «እሰይ፣ ጎበዝ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ጆሴፍ ተነሣ። ወደ አጥሩ መጥቶ ጣሳውን ከሽቦው አወረደና ለጥሩነሽ ዘረጋላት። እሷ ደርቃ ቀረች። ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወስዶ ራሱ ቀዳ፣ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

«ወይኔ! ጣለው! የነሱ ነው!» ወይዘሮ በለጡ ጮኹ። ዳሱ ተተራመሰ።

ጆሴፍ ጣሳውን ከፍ አድርጎ «ተርጉሚልኝ» አለኝ። ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። «ይህን ኩባያ አውቀዋለሁ። የእናቴ ኩባያ ነው፤ ይላል።»

ባላምባራስ ቁጭ አሉ። እኔ መሬት የቆምኩ አልመሰለኝም። እናቴ ግን በጆሮዬ «ገደልሽኝ» አለችኝ። «ይህን ልጅ ዛሬ ሆዱን ቢያመው ቤታችንን ነው የሚያቃጥሉት።»

እውነቷን ነበር። ቀና ስል ደግሞ ምን ልይ! ባላምባራስ እፍረታቸውን ለመሸፈን ይሁን ለክብሩ፣ ሻኛውን ከነቢላዋው ለጆሴፍ እያቀረቡለት ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ላልለመደ ሆድ!

«እባክህ እንዳትነካው!» ብዬ በእንግሊዝኛ ጮኽኩ። «ሆድህን ካመመህ ያለቀልን እኛ ነን!»

«ምን አለችው?» አሉ ሰዎቹ።

«የምግብ ጸሎት ነው» አልኩ። ጆሴፍ ቢላዋውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

ያን ሌሊት እኔና እናቴ ዓይናችንን አልከደንም። ጠዋት ውሻችን ሲጮኽ እናቴ «መጡ» ብላ እጄን ያዘችኝ። በባሕር ዛፉ መሀል ሁለት ሰዎች ይወጣሉ። ጥሩነሽ ትመራለች፤ ከኋላዋ ጆሴፍ ዳገቱ ትንፋሹን ቆራርጦት ይንገዳገዳል። እንዳየን ሆዱን በሁለት እጁ መታ መታ አደረገና ባለችው ጥቂት አማርኛ «ሆዴ ደህና! ሆዴ ደህና!» አለ።

እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቼያት አላውቅም። ጆሴፍን ወደ ቤት አስገባችና ከጓዳ አንድ የሸክላ ዋንጫ ይዛ ወጣች። ለእንግዳ ብላ አስጊጣ የሠራችው ነው። ከቤታችን የሚጠጣ እንግዳ ስላልነበረ ግን ውኃ ነክቶት አያውቅም። ውኃ ሞልታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ጠጣ።

«ይደግም እንደሆን ጠይቂው!» አለችኝ እየተጣደፈች። ደገመ።

ጥሩነሽ ከደጅ ሆና ታያለች። ያቺው ከፍ አድርጋ የምታፈስልን ጥሩነሽ። ዋንጫውን አየች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ «እኔም ጠምቶኛል፣ እማማ» አለች። እናቴ ዋንጫውን ልታጥበው ስትነሣ «አይታጠብ» ብላ ተቀበለቻት።

አገሩ በአንድ ቀን አልተለወጠም፤ ብዙ ቤቶች ከዚያም በኋላ ደጅ አቁመውናል። ባላምባራስ ግቢ ግን ጣሳው ዳግመኛ አልተሰቀለም፣ ሽቦው ብቻ ቀረ። ስለ ዘር ንቀት በሬዲዮ ሲወራ ስሰማ፣ ሰዎች ሩቅ አገር ያለውን ነውር እያነሡ ሲቆጡ፣ እኔ ዓይኔ ወደ አጥራቸው ይሄዳል። ከዚያ ጥሩነሽ ትዝ ትለኛለች፤ ውኃውን ስትጠጣ በአገጯ ላይ ሲንጠባጠብ። ያኔ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ልጆቼም «ደሞ ጀመረች» ይላሉ።