ብርሃን ብቻ ነው የሚነካው

ገሱባ ያለችው አክስቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ቤቷ ጥግ የማትሸጠው አንድ እንስራ ነበር፤ አያቴ ሳትሞት አብረው የሠሩት የመጨረሻው ነው። በጣቷ ስትመታው አንገቱ አካባቢ ድምፁ ይታፈናል። ስንጥቅ ግን የለውም።

«እዚህ ጋ እሳቱ ይዞታል፤ እስካሁን አልለቀቀውም» ትል ነበር።

ሶዶ ኮሌጅ ገብቼ በአንደኛ ዓመት ስለ ስፔክትሮስኮፒ፣ ብርሃን እያበሩ የቁስን ውስጠኛ ባሕርይ ስለማጥናት፣ ስንማር ይህን የአክስቴን አባባል ለመምህራችን ነገርኳቸው። ሸክላ ከእሳት ወጥቶ ሲበርድ ውስጡ ውጥረት ሊቀር ይችላል። ሌዘር ሲያበሩበት ጭቃው ውስጥ ካለው የአሸዋ ቅንጣት የሚመለሰው ብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ሹል ጫፍ ይታያል፤ ቅንጣቱ ተወጥሮ ከሆነ ጫፉ ከቦታው ፈቀቅ ይላል። መምህሩ በጣም ደስ አላቸው።

«አምጪው እንጂ! ምንም አይሆንም፤ ብርሃን ብቻ ነው የሚነካው።»

ለአክስቴም ይህንኑ ነገርኳት። እንስራው ምንም እንደማይሆን ሁለት ጊዜ ቃል አስገባችኝ። እስከ ሶዶ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ እንስራውን ጭኔ ላይ አቅፌ መጣሁ። ረዳቱ «እህት፣ ሕፃኑም ይከፍላል እኮ!» እያለ ተሳፋሪውን ሲያስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ላቦራቶሪ ወስጄ ለመምህሩ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ከክፍል ወጥቼ እዚያ ስገባ እንስራው ተሰብሮ ጋዜጣ ላይ ተዘርግቷል። መዶሻው አጠገቡ ነው።

«ሌዘሩ ያለበት ማይክሮስኮፕ ሥር ሙሉው አይገባማ» አሉ መምህሩ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይሉ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «መሰበር እንዳለበት አውቅ ነበር። ብነግርሽ ግን ታመጪው ነበር?»

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጫፍ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሸክላ ሲሰበር የያዘውን ውጥረት እንደሚለቅ ያስተማሩን እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«ቅር አለሽ እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ መምህር» አልኩ። አመሰግናለሁም አልኩ።

ስብርባሪውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ገሱባ ተመለስኩ። አክስቴ ከረጢቱን ከፍታ ስብርባሪውን አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደረች።

«ብርሃን እንዲህ ነው የሚነካው?»

የአንገቱን ስባሪ አንስታ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችና በጣቷ መታችው።

«ለቆታል» አለች።

ከዚያ ስባሪውን ድንጋይ ላይ አድርጋ መፍጨት ጀመረች፤ ሸክላ ሲሰበርባት ሁሌም እንደምታደርገው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ልትደባልቀው ነው። ላግዛት እጄን ስዘረጋ ድንጋዩን ወደ ራሷ ሳበችው።