አንገቷን የደፋችው ድመት

ያን ቀን ረፋድ ላይ የስፌት መኪናዬን ትቼ ቁርስ ልቀምስ ወደ ቤት ብቅ ስል... ድመታችን ሽሮ፣ ባዶው መደብ ፊት ቁጭ ብላ አንገቷን ደፍታለች። አገጯ ደረቷ ላይ ተጣብቋል። ዓይኖቿ ግን ከሥር ወደ ላይ መደቡን ያያሉ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው፤ ቡታጅራ፣ አክስቴ ቤት ስኖር። መደቡ የባሏ የጋሼ ሀብቴ መቀመጫ ነበር። ከሞቱ ገና ብዙ አልሆናቸውም።

«አየህ?» አለችኝ አክስቴ ከጓዳ ወጥታ። «እጅ እየነሳች ነው። መጥቷል ማለት ነው።»

«ማን?»

«ሀብቴ ነዋ! እኔንም ተዋቡ እያለ በስሜ እየጠራኝ ነው።»

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር... ድመቷን ሳይ ዋጥኩት። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አክስቴ እህል አልቀምስ አለች። ነጠላዋን፣ የቅቤ ቅሏን ሳይቀር ለጎረቤት ማደል ጀመረች። «ሽሮ ቀድማ እጅ ነሳች፤ ተረኛዋ እኔ ነኝ» ትላለች። ብለምናት፣ ብቆጣት... ወይ ፍንክች! ድመቷም ባሰባት፣ መራመድ አቃታት። ሁለቱም ዓይኔ እያየ ሊያልቁብኝ ሆነ።

በመጨረሻ ሽሮን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ አክስቴን ደግፌ፣ ከብት ሊከትብ ከአዲስ አበባ የመጣ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለድመት ሐኪም ፍለጋ መሄዴን ያየ ሁሉ ሳቀብኝ።

ሐኪሙ አንገቷን ዳበስ ዳበስ አደረገና «ሆዷን አስቀምጧት ነበር?» አለ።

«እንዴታ!» አለች አክስቴ ኮራ ብላ። «ለመስቀል ጎረቤት የላከልንን ክትፎ አብራኝ በልታ የለ? ኮሶ እንዳይታይባት ብዬ እኔ መድኃኒቱን ስጠጣ ለእሷም ጋትኳት። ደግሜም ጋትኳት።»

ሰውየው ግንባሩን ያዘ። «እትዬ፣ ኮሶው ሆዷን ሲጠርግ ፖታሲየም የሚባለውን ጨው ይዞባት ወጥቷል። እሱ ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፤ ድመት አንገቷን ቀና ማድረግ ያቅታታል።»

ለሚያስቀምጠው ጥጃ ከያዘው የዚሁ ጨው ዱቄት ጥቂት ቋጥሮ ሰጠን። «በሥጋ መረቅ፣ ቆንጠር እያደረጋችሁ። ከበዛ ልቧን ያቆመዋል።»

እንዳለው ቆንጠር እያደረግኩ ሰጠኋት። በሳምንቱ ሽሮ ቀና አለች! አክስቴም ያን ቀን ምሳ ላይ ቆጮ በጎመን ራሷ አቅርባ በላች። ደስታዬን አልችለው አልኩ።

«ታዲያ የጋሼ ሀብቴ ጥሪስ?» አልኳት እየሳቅኩ።

«እሱማ መቼ ተወ» አለች እየጎረሰች። «እኔ ነኝ አቤት ማለቱን የተውኩ።»

አፏን ሳትዘጋ... በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ ከደጅ በኩል «ተዋቡ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጋሼ ሀብቴ ድምፅ። እንዳለ፣ ያው የማውቀው ጎርነን ያለ ድምፅ።

አክስቴ ዞር እንኳ አላለችም። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና አፌ ውስጥ ከተተችው። «ዝም ብለህ ብላ፣ ልጄ።»

እንደዚያን ቀን ቆጮ ፈጥኜ በልቼ አላውቅም።