ግንባሩ ላይ የተለጠፈ ዶላር

ቅዳሜ ዕለት ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ እኔ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ልብሳችንን እያጣጠፍኩ ነበር። የአጎታችንን መኪና በሩ ላይ ፓርክ አደረገና ገባ። ሹራቡን አንስቶ ደረቱ ላይ ለካው።

«አንተ ጩጬ፣ አሳጠርከው እኮ! ላንተ እንዲሆን ነው አይደል?»

«አንተ ነህ የወፈርከው። መሮጥ ካቆምክ ወዲህ።»

ለቀልድ ነበር። ከአፌ እንደወጣ ግን ደነገጥኩ። እሱ ሳቀና ሹራቡን መልሶ አስቀመጠው።

ወንድሜ ኮሌጅ የገባው በሩጫው ነው። ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ ምግቡን ኮሌጁ ይችልለት ነበር፤ ስለ ሩጫው በእጁ ግን አንድ ሳንቲም መቀበል አይፈቀድለትም። ሕጉ ነው ይላሉ። ዋንጫ ያመጣላቸዋል፣ ለአውቶቡስ አጥቶ ግን በእግሩ ይመጣል። እኔን ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁንም ሊከፈለው ይገባ ነበር እላለሁ። ይህን ማለት ግን ዛሬ ይከብደኛል።

አንድ ጊዜ ባሸነፈ ማግስት ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ ክርስትና ተጠርተን ሄድን። አብሮት የሚሮጠውን የዶርም ጓደኛውን፣ ከደቡብ ጆርጂያ ገጠር የመጣውን ረጅም ልጅ፣ ይዞት መጣ። ወንድሜ ሲጨፍር ሽማግሌዎቹ እየተነሱ ግንባሩ ላይ ዶላር ለጠፉለት። እኔ ፎቶ አነሳሁት። በዚያ ብር ለእኔ የክረምት ጃኬት ገዛልኝ።

ፎቶውን ለማንም ሳልናገር ለአሠልጣኙ ወሰድኩለት።

«የእኛ ሰዎች እንዲህ ያከብሩታል» አልኩት። «እናንተስ?»

አፍሮ መክፈል የሚጀምር መስሎኝ ነበር። ፎቶውን ብዙ አየውና «እኔ ጋ ይቆይ?» አለኝ። ደስ ብሎኝ ሰጠሁት።

በሳምንቱ ወንድሜ ታገደ። ስላሸነፈ ገንዘብ ተቀብሏል ተባለ። ስኮላርሺፑ ቆመ፤ ኖርክሮስ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሶፋ መሸከም ጀመረ። ማን እንዳሳበቀ አልነገሩትም። ድግሱ ላይ የነበረው የውጭ ሰው ግን ያ የዶርም ጓደኛው ብቻ ነበር። ቤታችን ሁሉ ፈረደበት።

ያን ቅዳሜ ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥም ወሬው እሱው ነበር።

«ከአንድ ትሪ አብሮኝ በልቶ!» አለ ወንድሜ። «ምን አድርጌው ነው?»

«እሱ ላይሆን ይችላል።»

«ታዲያ ማን ነው? ክርስትና የተነሳው ሕፃን?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። እሱ ምሳ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። እኔም ስለ ምሳ መለስኩለት።

እሑድ ከሰዓት ዝናብ ነበር። ወደ ሥራ ሲሄድ የጭነት መኪና ገጨው። እኔና አጎቴ ሆስፒታል ስንደርስ አልፏል።

ሰኞ ጠዋት ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ያ ልጅም መጣ። የቡድኑን ቱታ ለብሷል፣ በፎይል የተሸፈነ ምግብ ይዟል። በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ አብጧል።

አጎቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። እንግሊዝኛ አይሆንላቸውም፤ ሁልጊዜ የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ።

«ና፣ ንገርልኝ» አሉኝ። «ልጄን አሳልፈህ ሰጠህ፤ ደግሞ ለቅሶ ልትደርስ መጣህ? በለው። ከዚህ ይሂድ።»

ልጁ የምለውን ይጠብቃል። ወንድሜ ይህን ልጅ እንደጠላ ሞተ። የጠላው በእኔ ነው።

«ጋሼ፣ እሱ አይደለም» አልኩ።

«ምን ትላለህ?»

«የድግሱን ፎቶ ለአሠልጣኙ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይከፍሉታል ብዬ ነው።»

አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። «ተው ልጄ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርህ።»

«አይደለም» አልኩና ደገምኩት። አጎቴ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞርኩና ያልኩትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነገርኩት፤ ወንድሜ እሱን ጠርጥሮት እንደሞተም አልደበቅኩትም። ብዙ ጊዜ ተደናቀፍኩ። እስክጨርስ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ሰማኝ።