ሲሚንቶ የገባበት ክትር

ከጌዴራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጥብቅ ስፍራ፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ፣ አርብ ጠዋት ነበር። የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ከላይ ደረቁ መሬት ላይ ቆሟል፤ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ይዟል። ከኋላው ያቭነ ከተማ የሚኖረው ጡረተኛ በጎ ፈቃደኛ እጆቹን ኪሱ ከቶ ቆሟል። አስተርጓሚዋ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ ነጭ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካው በእነሱና በእኛ መካከል አንድ ድንጋይ ላይ ወጥታለች። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ባሕር ዛፉ ሥር ናቸው። ጎረቤቴ ዶማዋን ተደግፋ ከጎኔ አለች። እኔ ከሁሉም በታች፣ ክትሩ በነበረበት ቦረቦር ውስጥ ቆሜያለሁ።

ክትሩን የሠራነው እኔና ጎረቤቴ ነን። ሁለታችንም የቂርያት ማላኪ ነዋሪዎች ነን፤ እኔ ከአትክልት ማሸጊያ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በየሳምንቱ አርብ በአውቶቡስ እየመጣን የእግር መንገዱን እንጠግናለን። ሹፌሩ ዶማችንን ባየ ቁጥር «ለሱም ቀበቶ እሰሩለት» ይለን ነበር። መንገዱ ከኮረብታው ወደ ክረምት ኩሬው ይወርዳል። በዘነበ ቁጥር ውሃው መንገዱን ተከትሎ ይቦረቡረዋል፤ አፈሩም ኩሬው ውስጥ ይገባል። በቦረቦሩ ዳርና ዳር ደግሞ በዕብራይስጥ ሐጻቭ የሚባለው አበባ አለ። ሥሩ እንደ ትልቅ ሽንኩርት ነው፤ በበጋው መጨረሻ፣ ምንም ቅጠል ሳይኖረው፣ ረጅም ነጭ አበባ ያወጣል። አፈሩ ከሄደ እሱም ይሄዳል።

ጎንደር፣ በአባቴ ማሳ፣ ቦረቦር የሚዘጋው በድንጋይ ክትር ነበር። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይገባል። ግንቡ ትንሽ ወደ ኋላ ይጋደማል። ሁለቱ ጫፎች ዳርና ዳሩ ውስጥ ይቀበራሉ። መሀሉ ግን ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ውሃው የሚያልፈው በዚያ ነው። መሀሉን እኩል ያደረገ ሰው አልሠራም ይባላል። እንዲህ ያለ ሦስት ክትር ሠራን፤ ሁለት ከላይ፣ አንድ ከታች። ከፋሲካ በኋላ ጀምረን በበጋው ጨረስን። አስተባባሪው ሲያይ «ኮል ሃካቮድ»፣ ጎበዞች፣ ብሎ ፎቶ አነሳን።

ጡረተኛው ክፉ ሰው አይደለም። ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፤ ለሁሉም ያድላል። ከመስከረሙ የአይሁድ በዓላት በፊት በነበረው ሳምንት እኛ በሌለንበት መጣና የታችኛውን ክትር አየ። መሀሉ ዝቅ ማለቱን የፈረሰ መስሎት በሲሚንቶ ሞላው። ከዳር እስከ ዳር እኩል አደረገው፤ በግንበኛ ማንኪያ ሳይቀር አለሰለሰው። ሳየው ደነገጥኩና ለአስተባባሪው ነገርኩት። ውሃው መውጫ የለውም፣ ዳሩን ይበላል አልኩት። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ከበዓላቱ በኋላ» አለኝ። በዚህ አገር ሁሉም ነገር ከበዓላቱ በኋላ ነው። ዝናቡ ግን አልጠበቀም፤ ውሃው ዳሩን በልቶ ክትሩን አፈረሰው።

አስተባባሪው ወረቀቱን በዕብራይስጥ አነበበ። የድንጋይ ግንቦቹ ጉዳት አድርሰዋል። ያለ ሙያ የተሠሩ ናቸው። እሑድ ትራክተር መጥቶ ሦስቱንም ያነሳል፣ በቦታቸው ቱቦ ይገባል። ውድ ሴቶቻችን ከእንግዲህ የመዝናኛ ቦታውን ያጸዳሉ።

አስተርጓሚዋ ወደ እኛ ዞረች።

«እማማ፣ በጣም እናመሰግናለን ይላል። ሥራው ስለከበዳችሁ ቀለል ያለ ቦታ ይሰጣችኋል።»

«ምንድን ነው ቀለል ያለው?» አለች ጎረቤቴ።

«እዚያ... ወንበሮቹ አካባቢ።»

«ቆሻሻ ለቀማ በይው እንጂ፣ ልጄ። አፍሽን አይቆርጠውም።»

ባሕር ዛፉ ሥር ያሉት ጎረቤቴ የቀለደች መስሏቸው አብረው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። «ያለ ሙያ» የሚለውን ሰምቼዋለሁ። ዕብራይስጥ ፋብሪካ ውስጥ ተምሬያለሁ፤ ሰው ፊት ግን ስለማፍር በአስተርጓሚ እናገራለሁ።

«ንገሪልኝ» አልኳት። «ክትሩ ሲሚንቶ እስኪገባበት ድረስ ደህና ነበር። ሲሚንቶው የማን እንደሆነ እዚህ ያለ ሰው ያውቃል።»

ለአስተባባሪው በዕብራይስጥ እንዲህ አለችው፦ «በጣም አዝናለች። ስለ ሁሉም ነገር ታመሰግናለች።»

«ልጄ፣ እንደዚያ አላልኩም።»

«እማማ፣ በእናትሽ፣ ሰው ፊት ነው። ነገር እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«ነገሩማ ተበላሽቷል። የቆምሽበት ድንጋይ የክትሩ ነው።»

ወደ እግሯ አየች። ድንጋዩ ከፈረሰው ክትር የወጣ ነበር፤ በአንድ ጎኑ ሲሚንቶው እንደተጣበቀ ነው። ወረደች፤ ጫማዋም ጭቃ ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ በራሴ ዕብራይስጥ ተናገርኩ። የላይኞቹን ሁለት ክትሮች ሄዳችሁ እዩ አልኩ። ያው ዝናብ ዘንቦባቸዋል፣ ያው እጅ ነው የሠራቸው፤ ቆመዋል። ከጀርባቸው የተኛውን ደለል እዩ። ዳራቸው ላይ ያለውን አበባ ቁጠሩ። ከዚያ እዚህ ኑና ከእግሬ ሥር ያለውን እዩ። ከእግሬ ሥር የሐጻቩ ሥሮች እንደ ተጣለ ሽንኩርት ተንከባልለው ነበር።

ጡረተኛውን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ሲሚንቶውን ይቅር ልለው እችል ነበር፤ በደግነት ነው ያደረገው። ሥራችን ያለ ሙያ ተብሎ ሲነበብ ቆሞ መስማቱን ግን ይቅር የምለው አይመስለኝም። በመጨረሻ፣ «እኔ ትንሽ አስተካከልኩት እንጂ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ሳቭታ» አለኝ አስተባባሪው፤ አያት ማለቱ ነው። የእሱ አያት አይደለሁም። «ማንም አንቺን አልወቀሰም።»

«ወረቀቱ ወቅሷል።»

«ወረቀት ነው። ለአለቆቹ ተልኳል። አሁን ምን ላድርግ?»

«ሁለት ነገር። የላይኞቹን ሁለቱን አትንኳቸው። ያለ ሙያ የሚለውን አውጣው።»

«ኒሬ» አለ፤ እናያለን ማለት ነው። እንደ በዓላቱ ነው እሱም። ቢያንስ ሽቅብ ወጥቶ ያያቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ከቆምንበት የሃምሳ እርምጃ ያህል ነው። ሰዓቱን አየ።

«የላይኞቹም እሑድ ይነሳሉ?» አልኩት።

«ትራክተሩ ተይዟል፣ ሳቭታ።»

ከዚያ እጆቹን አጨብጭቦ ባሕር ዛፉ ሥር ያሉትን ጠራ። ያላ፣ ለፎቶ ኑ አለ። እኔንና ጎረቤቴን መሀል እንድንቆም በእጁ አሳየን። በሚቀጥለው ጊዜ ያን ነጭ የአገራችሁን ልብስ ልበሱ፣ በጣም ያምራል አለ። አስተርጓሚዋ ይህንን አልተረጎመችም።

ጓንቴን አወለቅኩ። የሰጡንን ቢጫ ሰደርያ አጥፌ ጭቃ ያልነካው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ከቦረቦሩ ወጥቼ፣ በሚሰለፉት ሰዎች አጠገብ አልፌ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድኩ።