ወደ ግድግዳው የዞረው ገጽ

ነገሬ ፈሪ ነበር። ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። የኮልፌ ሰው ነው፤ በጣሊያን ጊዜ መሀል ከተማ ባለ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ የአማርኛውን ጋዜጣ ይደረድር ነበር። ነጮቹ በፊት በር ይገባሉ፤ እሱ በጓሮ። የሚደረድረውስ ምን መሰላችሁ? ጥቁር ከነጭ ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም፣ ጥቁር ለመታዘዝ ነው የተፈጠረ የሚል ጉድ! የገዛ ስድቡን በገዛ ጣቱ ይለቅማል። ግን ምን ያድርግ፣ ቤት አለው፣ ሚስት አለችው።

የሰፈሩ ሰው ያኔ የጭቃ ግድግዳውን በጋዜጣ ይለጥፍ ነበር። ነገሬም የተበላሸ ወረቀት ለቃቅሞ ያመጣል፤ ሚስቱ ደሜ በዱቄት ሙጫ ትለጥፋለች። ደሜ ማንበብ አታውቅም።

በ1933 ጥር ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ታመሰ። ቅዳሜ ከታተመው ላይ መውጣት የሌለበት ወሬ ሾልኳል፤ ቀይ ባሕርን ለመርከቦቻቸው ከሰማይ የሚቃኝ የጣሊያን አውሮፕላን ከነሰዎቹ ሰጠመ የሚል። የማተሚያ ቤቱ ጣሊያናዊ ሹም ወረቀቱ ሳይበተን ደርሶበት አስቃጠለው። ሲቆጠር ግን አንድ ጎደለ።

«የተገኘበት ይሰቀላል!» አለ ሹሙ። «የሁላችሁም ቤት አሁኑኑ ይፈተሻል።»

ቅዳሜ ያን ወረቀት ብብቱ ሥር ከቶ የወሰደው ነገሬ ነው! ፊቱ ላይ ያለው እሱ የደረደረው የዘር ጽሑፍ ነበር፤ ወሬው ያለበትን ጀርባውን የደረደረው ሌላ ሰው ስለሆነ አገላብጦ እንኳ አላየውም። ደሜ ደግሞ ዛሬ ጠዋት እለጥፈዋለሁ ብላዋለች። በየትኛው ፊት?

ሹሙና ወታደሮች በካሚዮን ጭነው ወደ ቤቱ ወሰዱት። መንገዱን ሙሉ አንድም ጸሎት ትዝ አላለውም። ሲደርሱ ደሜ ሙጫውን ከእጇ እየታጠበች ነበር።

ሹሙ ግድግዳው ፊት ቆመና አስተርጓሚውን አምሐን ጠራው። አምሐ አንብቦ በጣሊያንኛ ነገረው። ሹሙ ከት ብሎ ሳቀና የነገሬን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ነገሬ ቀና ብሎ አየ። የዘሩ ጽሑፍ ነው።

«ሕጋችንን ቤትህ ሰቀልክ! ጎበዝ!» አለ ሹሙ በአምሐ አፍ። «እንዳይነሳ፤ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

ሹሙ ሲወጣ አምሐ ወደ ኋላ ቀረት አለ። የእርጥቡ ወረቀት ጥግ ተላቅቆ ከጀርባው የተሳለ የአውሮፕላን ክንፍ ይታያል። አምሐ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

«እመቤቴ፣ እዚህች ጋ ሙጫ ይጨምሩባት» አለና ወጣ።

ነገሬ መደቡ ላይ ዘፍ አለ። ካሚዮኑ ሲርቅ ጠየቃት።

«ደሜ፣ ለምን በዚህ በኩል ለጠፍሽው?»

«በዚያኛው በኩል አውሮፕላን ተስሎበት ነው። ማይጨው ላይ ወንድሜን የፈጀው አውሮፕላን አይደል? እሱን እያየሁ እንዴት እህል ይወርድልኛል? ወደ ጭቃው አዞርኩታ!» አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። «ይሄኛውስ ምን ይላል? ያዳነን?»

ነገሬ የለቀማቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ አያቸው።

«ስለ ዝናብ ነው» አላት።

እሷም ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በየጠዋቱ አቧራውን ትጠርግለት ነበር።