«ጋይስ» ሲባል የሚነሳው ማን ነው?

ከመቲ ከተማ ወርጄ በጀዊ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች የእጅ ፓምፕ ጠጋኝ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ከጋምቤላ ሙቀት ቀጥሎ የተቀበለኝ አንድ ቃል ነው። የውጭ አገር ሰው የሆነችው አለቃችን ኢንጂነሯ ከመኪና ወርዳ «ጋይስ!» አለችን። ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ ሳትለይ። ሳምንት ሳይሞላ ዘበኛው እንኳ «ጋይስ፣ እንዴት አደራችሁ?» ማለት ጀመረ።

እንግሊዝኛዬ ከፓምፕ መመሪያ የተለቃቀመ ነው። ቢሆንም ከሌሎቹ ይሻል ስለነበር መፍቻና ግሪስ ከመያዜ ሌላ አስተርጓሚም ተደረግሁ።

ከመንደሮቹ የአንዱን ፓምፕ የምትጠብቀው ኛማል ነበረች። ሰንሰለቱን ግሪስ የምትቀባው፣ የላላ ብሎን የምታጠብቀው እሷ ናት። ባየችኝ ቁጥር ልመናዋ አንድ ነው።

«ጋሼ፣ የጥገና ሥልጠና ሲመጣ እኔን እንዳትረሳ። ፓምፕ ሲበላሽ እናንተን ቁጭ ብዬ መጠበቅ ሰለቸኝ። ልጆች የወንዝ ውሃ ይጠጣሉ።»

«እሺ፣ አልረሳሽም» እላታለሁ።

ሥልጠናው መጣ። ኢንጂነሯ «አምስት ጎበዝ ጋይስ ምረጥልኝ» አለችኝ። መረጥኩ። አምስቱም ወንዶች ሆኑ፤ አንዱ እንዲያውም ብሎን አጥብቆ አያውቅም። ባጃጅ ስላለው ማታ ማታ ከተማ ድረስ ያደርሰኝ ነበር።

ዝርዝሩ እንደተለጠፈ ኛማል መጣች።

«ስሜ የታለ?»

«ኢንጂነሯ ያለችው እኮ ጋይስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ወንዶች ማለት ነው» አልኳት፣ ጥፋቱን በፈረንጅ ቃል ላይ ጭኜ።

እጅጌዬን ይዛ ኢንጂነሯ ፊት አቆመችኝ። «በል፣ ጋይስ ማለት ወንድ ብቻ ነው ወይ ብለህ አስተርጉም።»

ኢንጂነሯ ደነገጠች። «ጋይስ ማለት ሁሉም ሰው ነው! እህቶቼንም የምጠራቸው እንዲሁ ነው» አለች።

ኛማል ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ነገ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር ትዘዝ። የሰው ስም አትጥራ። ጋይስ ብቻ ትበል» አለች።

በማግስቱ ኢንጂነሯ «ጋይስ፣ ቧንቧዎቹን ጫኑልኝ» ስትል ወንዶቹ ብድግ አሉ። ቆይታ «ጋይስ፣ ብርጭቆዎቹን አንሱልኝ» አለች። አሁን የተነሱት ሴቶቹ ናቸው። ኢንጂነሯ ራሷም ሳታውቀው ሁለት ብርጭቆ ይዛ ቆማለች! ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም ጆሮዋ ድረስ ቀልታ አብራን ሳቀች።

ያልሳቀችው ኛማል ብቻ ነበረች። «ቃሉ የሷ ነው፣ እሺ» አለችኝ። «ዝርዝሩን የጻፈው እጅስ የማን ነው?»

አፈርኩ። ሥራዋን ከአምስቱ ሰዎች ሥራ ይልቅ አውቀው ነበር፤ ቃልም ገብቼላት ነበር። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ባለባጃጁን ሰረዝኩና ስሟን ጻፍኩ። የዚያን ቀን ማታ ቤቴ የገባሁት በእግሬ ነው።

ከሥልጠናው በኋላ የዚያ መንደር ፓምፕ ሲበላሽ የሚጠራን አጣን። ኛማል ራሷ ትፈታዋለች፣ ራሷ ትገጥመዋለች።

ዛሬም ጋይስ እንባባላለን፤ ቃሉን አልጠላሁትም። ሰው ስትመርጡ ግን በጅምላ መጠሪያ አትምረጡ። ሥራውን ማን እንደሚሠራ ሄዳችሁ እዩና ስሙን ጻፉ።